ተማሪው ከስም መጥሪያው ከመሰረዙ በፊት፦ ለትምህርት ዕቅድና ግምገማ ክፍሎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የዕቅድ፣ የክትትልና የግምገማ ክፍሎች፤
ለርዕሳነ መምህራንና ለሱፐርቫይዘሮች፤
ለዚህ ሥራ ገንዘብ ለምትመድቡ ድርጅቶች፦

ጉዳዩ፦ ትምህርት ማቋረጥን ለመከላከል ስለሚነደፉ ፕሮግራሞች አስተቃቀድና አገማገም

ትምህርት ማቋረጥን ለመከላከል የሚጻፍ ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ ከመፍትሔው ይጀምራል። የደብተርና የቦርሳ ድጋፍ፣ የማጠናከሪያ ትምህርት፣ የወላጆች ስብሰባ፣ የምክር አገልግሎት ይደረደራል፤ በጀት ይያዛል፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ገምጋሚ ይቀጠርና «ውጤቱን አሳየን» ይባላል። ገምጋሚው ሲመጣ ማነጻጸሪያ የለውም። ፕሮግራሙ ሳይጀመር ስንት ተማሪ ያቋርጥ እንደነበር በአንድ ትርጉም የቆጠረ የለም። ፕሮግራሙ ባልገባባቸው ትምህርት ቤቶች በእነዚያው ዓመታት ምን እንደሆነ የመዘገበም የለም። ስለዚህ የሠለጠነው መምህርና የታደለው ደብተር ይቆጠርና «ውጤት» ተብሎ ይቀርባል።

የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ዕቅዱና የግምገማ ንድፉ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቡድን፣ የመጀመሪያው ተማሪ ድጋፍ ከማግኘቱ በፊት ይጻፉ። ግምገማ ኋላ የሚቀጠል ክፍል ሲሆን የሚያስፈልገው መረጃ አምልጧል።

ከቆጠራው እንጀምር፤ ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው እዚያ ነውና።

«ትምህርት ያቋረጠ» የሚባለው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይወሰን። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ወደ ቁጥር ሲመጣ ግን አንድ ትምህርት ቤት በአንድ ዓመት ሦስት ዓይነት መጠነ ማቋረጥ ሊያወጣ ይችላል። በዓመቱ መጀመሪያ 400 ተማሪ ተመዝግቧል እንበል። ለዓመቱ መጨረሻ ፈተና የተቀመጡት 352 ናቸው። ከጎደሉት 48 ውስጥ 14ቱ መሸኛ ወስደው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሄደዋል። ፈተናውን ከወሰዱት መካከል ደግሞ 20ዎቹ መሸኛም ሳይጠይቁ በቀጣዩ ዓመት ምዝገባ ላይ ሳይገኙ ቀርተዋል። የጎደለውን ሁሉ የቆጠረ ሰው 12 በመቶ ይላል። የተዛወሩትን ከላይም ከታችም የቀነሰ፣ 34ን ለ386 አካፍሎ 8.8 በመቶ ይላል። በዓመቱ መዝጊያ ዕረፍት የጠፉትን የጨመረ፣ 54ን ለ386 አካፍሎ 14 በመቶ ይላል። ሦስቱም አልዋሹም። መዘዙ የሚመጣው መነሻ መረጃው በመጀመሪያው፣ የማጠቃለያ ሪፖርቱ በሁለተኛው ስሌት ሲሠራ ነው፤ ያን ጊዜ አንድም ልጅ ወደ ክፍል ሳይመለስ ከሦስት ነጥብ በላይ «ቅናሽ» ይመዘገባል።

እኛ የምንመርጠው ሦስተኛውን ነው። በርካታ ተማሪ የሚጠፋው በዓመቱ መካከል ሳይሆን በሁለት ዓመታት መካከል ነው፤ በተለይ ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው ሲሸጋገርና ትምህርት ቤት ሲቀይር። የትምህርት ዓመቱ ሲዘጋ ቆጠራውን የሚዘጋ ፕሮግራም ይህን ጉድለት አያየውም።

መሸኛ መውሰድም ደረሰ ማለት አይደለም። የተዛወረ ተብሎ የሚቆጠረው ተቀባዩ ትምህርት ቤት ስሙንና የገባበትን ቀን በጽሑፍ ሲያረጋግጥ ብቻ ይሁን። በ30 ቀን ውስጥ ማረጋገጫ ያልመጣለት ተማሪ «ያልተረጋገጠ» በሚል ለብቻው ዓምድ ይግባና መጠነ ማቋረጡ እነርሱን ጨምሮም ሳይጨምርም ሁለት ጊዜ ይሰላ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ከሆነ ከማንኛውም ጣልቃ ገብነት በፊት የሚሠራ የመዝገብ ሥራ አለ ማለት ነው።

የእያንዳንዱ ተማሪ መለያ ቁጥር በሌለበት የሚሠራበት የጅምላ ስሌትም ወጥመድ አለው። ስሌቱ የሁለት ተከታታይ ዓመታት ምዝገባንና የደጋሚዎችን ቁጥር ይወስዳል፤ የተዛወረ፣ የደገመ፣ ያቋረጠ ሲደመር 100 ይሆናል (እዚህ ላይ «የተዛወረ» ወደ ቀጣዩ ክፍል ያለፈ ማለት ነው)። ዘንድሮ 7ኛ ክፍል 1,000 ተማሪ ነበር። በቀጣዩ ዓመት 8ኛ ክፍል 860 ተመዘገበ፤ ከእነርሱ 60ዎቹ የ8ኛ ክፍል ደጋሚዎች ናቸውና ያለፉት 800 ናቸው። 7ኛን የደገሙት 90 ናቸው። የቀሩት 110 ሰዎች፣ ማለትም 11 በመቶ፣ አቋርጠዋል ይባላል። ልብ በሉ፤ ያቋረጡትን ማንም አልቆጠራቸውም፣ ከቅነሳው የተረፉ ናቸው። ስለዚህ በምዝገባው ላይ የሚፈጸም ስሕተት ሁሉ የሚጠራቀመው እዚህ ነው። ከ90ዎቹ ደጋሚዎች 30ዎቹ «አዲስ» ተብለው ከተመዘገቡ መጠነ ማቋረጡ ወደ 14 በመቶ ይዘላል። በጀት በተማሪ ራስ በሚመደብበት ቦታ የዓመቱ መጀመሪያ ምዝገባ ካበጠም እንዲሁ ነው፤ ያልነበረ ልጅ ያቋርጣል።

አሁን ወደ ስም መጥሪያው። ተማሪ በአንድ ቀን ብድግ ብሎ አያቋርጥም። ቀስ እያለ ይሄዳል፣ አካሄዱም ይጻፋል። የአንድ ተማሪን ረድፍ እንመልከት። በመጀመሪያው ወር አንድ መቅረት አለ። በሁለተኛው ሦስት፤ ሦስቱም በሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን ላይ ያረፉ። በሦስተኛው አምስት፤ ሁለቱ ከዕረፍት በኋላ ባሉት ክፍለ ጊዜዎች። በአራተኛው ወር ሙሉ ሳምንት ባዶ ነው፤ ከዚያ አምስት ቀን ይገኛል፤ ከዚያ የለም። አራቱ ወራት 80 የትምህርት ቀን ናቸው ቢባል ሦስተኛው ወር ሲያልቅ መቅረቱ ገና 9 ቀን ነው፤ አማካይ መገኘቱ ከ80 በመቶ በላይ ስለሆነ ለርዕሰ መምህሩ በሚሄደው ማጠቃለያ ላይ የሚያስደነግጥ ነገር የለም። ረድፉን ከግራ ወደ ቀኝ ያነበበ ግን በሁለተኛው ወር መጨረሻ ላይ ያውቀዋል። አንድ ቋሚ ቀን ላይ የሚደጋገም መቅረት ከተበታተነ መቅረት የተለየ ነገር ይናገራል፦ ሥራ፣ የገበያ ቀን፣ ታናሽ የመጠበቅ ተራ፣ ወይም በዚያ ቀን ፕሮግራም ላይ ያለ የሚፈራ ትምህርት።

መዝገቡ ሊነበብ የሚችለው በእውነት ከተሞላ ነው። ሦስት ነገሮች ያበላሹታል። አንደኛው፣ የሳምንቱ ስም ጥሪ በመጨረሻው ቀን በአንድ ተቀምጦ መሙላት ነው፤ ምልክቶቹ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ግፊት ተደርድረው ሲታዩ ይታወቃል። ሁለተኛው፣ ጠዋት ብቻ ስም መጥራት ነው፤ በዕረፍት ሰዓት አጥር ዘሎ የሄደው ሙሉ ቀን እንደተማረ ይቆጠራል። ሦስተኛው፣ አርፍዶ የመጣን ተማሪ ከቀረ እኩል መመዝገብ ነው፤ ተማሪው ይህን ባወቀ ማግስት ማርፈዱን ትቶ መቅረት ይጀምራል። ማጣሪያው ቀላል ነው። በየሴሚስተሩ ሁለት ቀን ሳይነገር ክፍል ገብቶ ራስ መቁጠርና ከዚያው ቀን መዝገብ ጋር ማስተያየት። ልዩነቱ ከ5 በመቶ ካለፈ በዚያ መዝገብ ላይ ምንም አመልካች ባይሠራ ይሻላል።

የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት የሚባለው፣ ሊያቋርጥ የተቃረበን ተማሪ ቀድሞ የሚለየው አሠራር፣ ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም። መገኘት፣ ጠባይ፣ ውጤት፤ ሦስቱ ይበቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው የአሜሪካዋ ከተማ የፊላዴልፊያ ጥናት የ6ኛ ክፍል ተማሪዎችን ለዓመታት ተከትሎ፣ መገኘታቸው 80 በመቶ ወይም ከዚያ በታች የሆነ፣ በሒሳብ ወይም በእንግሊዝኛ የወደቁ፣ ወይም በጠባይ የተቀጡ ተማሪዎች በሰዓቱ የመመረቅ ዕድላቸው እጅግ የተመናመነ መሆኑን አሳይቷል። በቺካጎ ደግሞ 9ኛ ክፍልን ቢያንስ አምስት የሙሉ ዓመት ኮርስ ክሬዲት ይዞ፣ በዋና ዋና ትምህርቶች ከአንድ የሴሚስተር «ኤፍ» ሳያልፍ የጨረሰ ተማሪ፣ ይህን ካላሟላው ይልቅ በአራት ዓመት የመመረቅ ዕድሉ 3.5 ጊዜ ያህል እንደሚበልጥ ታይቷል። ከሁለቱም የምንወስደው አመልካቾቹ በየትምህርት ቤቱ እጅ ያሉ መሆናቸውን ነው። ወሰኑን ግን አትቅዱ። መገኘት 80 በመቶ ላይ የሚደወለው ደወል የፊላዴልፊያ ነው፤ የእናንተ 90 ላይ ሊሆን ይችላል። በ180 ቀን የትምህርት ዓመት 10 በመቶ መቅረት 18 ቀን ነው፤ በየወሩ ሁለት ቀን ገደማ፣ ማለትም ማንም ልብ የማይለው።

የራሳችሁን ወሰን የምታገኙት በራሳችሁ አሮጌ መዝገብ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የነበረን አንድ ክፍል ውሰዱ፤ የመጀመሪያውን ሴሚስተር መቅረትና ውጤት በኤክሴል አስገቡ፤ አጠገቡ ተማሪው በኋላ ማቋረጡን ወይም መቀጠሉን ጻፉ። ከዚያ የተለያዩ ወሰኖችን ሞክሩ። ከ400 ተማሪ 48ቱ አቋርጠዋል እንበል። «ከ8 ቀን በላይ የቀረ ወይም በሁለት ትምህርት የወደቀ» የሚለው ወሰን 100 ተማሪ ለይቶ ከነዚህ 36ቱ በእርግጥ ያቋረጡ ከሆነ፣ ከሚያቋርጡት 75 በመቶውን ይዟል፤ ከያዛቸው ግን 64ቱ ያለ ድጋፍም ይቀጥሉ ነበር። ወሰኑን ብታጠብቁት የምታስቸግሩት ሰው ይቀንሳል፣ የሚያመልጣችሁ ይበዛል። ትክክለኛው የትኛው ነው የሚለውን ስሌቱ አይመልስም፤ የሚመልሰው ያላችሁ የሰው ኃይል ነው። 25 ተማሪ መከታተል ለሚችል ትምህርት ቤት 100 ስም መስጠት ምንም እንዳለመስጠት ነው።

ስለ ምክንያቱ። «ለምን አቋረጥክ?» ተብሎ አንድ ሳጥን ብቻ የሚሞላበት ቅጽ ሁልጊዜ «የገንዘብ ችግር» ወይም «ሕመም» ብሎ ይመለሳል። መልሱ ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ የመጨረሻውን ክስተት ግን ነው የሚይዘው። ሁለት ጊዜ ክፍል ደግሞ ከእኩዮቹ በሦስት ዓመት የበለጠ፣ በክፍል ውስጥ ማንበብ ሲታዘዝ የሚሣቅበት ልጅ ሥራ ሲያገኝ ይሄዳል፤ ቅጹ ላይ «ሥራ» ይጻፋል። ተማሪውን፣ አሳዳጊውንና የክፍል ኃላፊውን ለየብቻ ጠይቁ፤ እስከ ሦስት ምክንያት በጊዜ ቅደም ተከተል አስሞሉ፤ «ለመጀመሪያ ጊዜ መምጣት ያስጠላህ መቼ ነበር?» የሚለው ጥያቄ «ለምን ተውከው?» ከሚለው የበለጠ ያወጣል።

ምክንያቱ ሲለይ መፍትሔው ይለያል። በሕንድ ቢሃር ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ወደ 9ኛ ክፍል ለሚገቡ ልጃገረዶች ብስክሌት መግዣ ተሰጠ፤ የልጃገረዶች የሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ በ32 በመቶ አደገ፣ ከወንዶች ጋር የነበረውም ክፍተት በ40 በመቶ ጠበበ። ጭማሪው ግን በአብዛኛው የታየው ከትምህርት ቤት በራቁ መንደሮች ነው። ችግሩ ርቀት ነበር፤ ብስክሌት ርቀትን ይፈታል፣ የመድገምን ኀፍረት አይፈታም። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የ8ኛ ክፍል ወንዶች ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ ሰው ምን ያህል እንደሚያገኝ አሳንሰው ይገምቱ ነበር፤ ትክክለኛው ቁጥር ሲነገራቸው በቀጣዮቹ አራት ዓመታት በአማካይ ከ0.2 እስከ 0.35 ዓመት ያህል ተጨማሪ ተማሩ። በምዕራብ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው የአንጀት ትላትል ሕክምና መቅረትን በአንድ አራተኛ ቀነሰ። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1997 በጀመረችው የገንዘብ ድጋፍ ክፍያው ክፍል በጨመረ ቁጥር ይጨምር፣ በመለስተኛና ከዚያ በላይ ለሴቶች ይበልጥ ነበር፤ ሴቶች በብዛት የሚያቋርጡት እዚያ ስለነበር ነው። አራቱም ፕሮግራሞች ከአንድ ምክንያት ጋር የተገጣጠሙ ናቸው። ሁሉንም በአንድ ጥቅል አድርጎ ለሁሉም የሚያድል ፕሮግራም ግን የሠራውን ካልሠራው መለየት አይችልም።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ የራሳችሁን መተዳደሪያ ደንብ አንብቡ። ተደጋጋሚ የቀረን ተማሪ በሁለት ሳምንት እገዳ የሚቀጣ ደንብ አለን? ወላጅ ካላመጣህ አትገባም የሚል? ይህን ያህል ተከታታይ ቀን ከቀረ ስሙ ይሰረዝ የሚል? ተማሪውን የሚያስወጣው አንዳንዴ ድህነት ሳይሆን በር ላይ የቆመው ደንብ ነው። እሱን ማሻሻል በጀት አይጠይቅም፤ የአንድ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይበቃዋል።

ከተለየ በኋላ ማን ምን ያደርጋል? በሰነዶች ውስጥ በጣም የሚሳሳው ክፍል ይህ ነው፤ «ክትትል ይደረጋል» ብሎ ያልፋል። ማን፣ በስንት ሰዓት፣ በስንት ቀን ውስጥ? በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990 የተጀመረውና በጥናት የተፈተነው የክትትልና የቅርበት ሞዴል ዋና ነገሩ አንድ ሰው አንድን ተማሪ ቢያንስ ለሁለት ዓመት መያዙ ነው፤ ተማሪው ክፍል ቢቀይር እንኳ። የሚያስተምር መምህር ከማስተማሩ ጎን ለጎን ከ15 ተማሪ በላይ አይያዝ፤ ለእያንዳንዱ በሳምንት 20 ደቂቃ ቢሰጥ 5 ሰዓት ነው፣ ያም ከክፍለ ጊዜ ድልድሉ ካልተቀነሰለት አይሆንም። የማይቀነስለት ከሆነ በሦስተኛው ወር ሥራው ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

የምንመክረው ሰሌዳ ይህ ነው። በቀረበት ቀን መልእክት ይላካል። ሁለተኛውን ቀን ከደገመ ስልክ ይደወላል። አምስተኛው ቀን ላይ አንድ ሰው ቤት ይሄዳል። በሴሚስተሩ ውስጥ ጠቅላላ መቅረቱ 10 ቀን ሲሞላ ተማሪው፣ አሳዳጊውና የክፍል ኃላፊው ተቀምጠው አንድ ገጽ ስምምነት ይጽፋሉ። ስልኩ ላይ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ወሳኝ ነው። «ልጅዎ ለምን አይመጣም?» የተባለ አሳዳጊ መልስ ፍለጋ ይሄዳል፤ ቀጥሎ ሲደወል ስልኩን አያነሳም። «ጤና ይስጥልኝ፣ የልጅዎ የክፍል ኃላፊ ነኝ፤ ሁለት ቀን ሳናየው ቀረን፣ ደኅና ነው ወይ?» የተባለ ያለውን ይናገራል። ከዚያ የሚጻፈው አምስት ነገር ብቻ ነው፦ ቀን፣ ማን ደወለ፣ ማን አነሳ፣ ምን ተባለ፣ ቀጥሎ ማን ምን ያደርጋል። ከዚህ የረዘመ ቅጽ አይሞላም።

እዚህ ላይ የሚሠሩ ሁለት ስሕተቶች አሉ። የተለዩት ተማሪዎች ዝርዝር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል ወይም በሰልፍ ላይ ይነበባል፤ ልጁ «አቋራጭ» የሚል ቅጽል ስም ይዞ ይወጣል። ሁለተኛው፣ የቁሳቁስ ድጋፉ ለቀሩ ተማሪዎች ብቻ ይሆናል፤ ቀጥሎ ባለው ሴሚስተር መቅረት ይጨምራል። ሰው ሞኝ አይደለም።

ግምገማውን ስትነድፉ የመጀመሪያው ጠላት በራሱ የሚመጣ መሻሻል ነው። ዘንድሮ መጠነ ማቋረጣቸው እጅግ የከፋ 20 ትምህርት ቤቶችን መርጣችሁ ምንም ባታደርጉ፣ ከርሞ አብዛኞቹ ይሻላሉ። ለከፋው ቁጥር ዘላቂው ችግር ብቻ ሳይሆን ያ ዓመት ያመጣው አጋጣሚም ድርሻ ነበረውና። ፕሮግራሙ እዚያ ከነበረ ምስጋናውን ይወስዳል። ስለዚህ ማነጻጸሪያ ከሌለ «ከ14 ወደ 10 ወረደ» የሚለው ቁጥር ምንም አይነግረንም። ፕሮግራሙ ያልገባባቸው ተመሳሳይ ትምህርት ቤቶች በዚያው ጊዜ ከ13 ወደ 11 ከወረዱ የፕሮግራሙ ድርሻ 4 ሳይሆን 2 ነጥብ ነው።

ንጹሑ መንገድ ዕጣ ነው። በጀቱ ለሁሉም አይበቃም፤ የሚበቃቸው በዕጣ ቢወጡ ከባለሥልጣን ምርጫ ይልቅ ፍትሐዊ ነው፣ የቀሩትም ማነጻጸሪያ ይሆናሉ፤ በኋላ እነርሱም ይገባሉ። ሜክሲኮ ያደረገችው ይህን ነው፦ ለግምገማ ከተያዙ 506 የገጠር ማኅበረሰቦች 320ዎቹ በዕጣ ቀድመው ጀመሩ፣ 186ቱ ቆይተው ገቡ። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2015 በካምቦዲያ፣ በሕንድ፣ በታጂኪስታንና በምሥራቅ ቲሞር የተካሄደው የማቋረጥ መከላከያ ሙከራም የግምገማ ንድፉን ከመነሻው ይዞ ነው የገባው፤ የቅድመ ማስጠንቀቂያው ለአራቱም የጋራ ሆኖ፣ ተጨማሪው አንዱ ጋ ኮምፒዩተር፣ ሌላው ጋ የማጠናከሪያ ትምህርት እያለ ይለያይ ነበር።

ዕጣ ማውጣት ካልተቻለ የራሳችሁ ወሰን ሌላ በር ይከፍታል። ከ8 ቀን በላይ የቀረ ድጋፍ የሚያገኝ ከሆነ፣ 9 ቀን የቀረው ገባ፣ 8 ቀን የቀረው ቀረ። ሁለቱ ልጆች በሌላ ነገር ብዙ አይለያዩም። በወሰኑ ግራና ቀኝ ያሉትን ማነጻጸር ከባዶ ይሻላል፤ መምህሩ የሚወደውን ልጅ ለማስገባት አንድ ቀን እስካልጨመረ ድረስ።

ስለ መጠን ግልጹን እንነጋገር፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። መጠነ ማቋረጥን ከ10 ወደ 7 በመቶ ማውረዳችሁን በተለመደው የ95 በመቶ እርግጠኝነትና የ80 በመቶ የማየት ኃይል (ለውጡ በእውነት ካለ የመታየቱ ዕድል) ለማሳየት፣ ተማሪዎች አንድ በአንድ በዕጣ ቢደለደሉ በእያንዳንዱ ወገን 1,350 ያህል ያስፈልጋል። ዕጣው በትምህርት ቤት ከሆነ ግን በአንድ ግቢ ያሉ ተማሪዎች ይመሳሰላሉና ቁጥሩ ይባዛል። ከየትምህርት ቤቱ 50 ተማሪ ቢወሰድና የመመሳሰል መጠኑ (0 ማለት ምንም አለመመሳሰል፣ 1 ማለት ፍጹም መመሳሰል) 0.05 ቢሆን ማባዣው 1 ሲደመር 49 ጊዜ 0.05፣ ማለትም 3.45 ነው። 4,660 ገደማ ተማሪ፣ 93 ወይም 94 ትምህርት ቤት በአንድ ወገን። በስድስት ትምህርት ቤት የሚሞከር ፕሮግራም መጠነ ማቋረጥን ቀነስኩ ወይም አልቀነስኩም ሊል አይችልም። ይህ ሙከራውን አያስከለክልም፤ በስድስት ትምህርት ቤት የሚለካው ሌላ ነው፦ ሰሌዳው ተከብሯል ወይ፣ መዝገቡ ተሞልቷል ወይ፣ የተለዩት ተማሪዎች መገኘት ተንቀሳቅሷል ወይ። ገንዘብ የምትመድቡ ሆይ፣ ከትንሽ ሙከራ ትልቅ ቁጥር አትጠይቁ፤ ስትጠይቁ ይሰጣችኋል፣ ችግሩ ያ ነው።

አፈጻጸሙን ከውጤቱ ለይታችሁ ያዙ። ከተለዩት 100 ተማሪዎች ስንቱ ተደወለላቸው? ስንቱ ቤት ተሄደ? ከስምንት በላይ የማጠናከሪያ ክፍለ ጊዜ ያገኙት ስንት ናቸው? መልሱ 60፣ 15 እና 25 ከሆነና መጠነ ማቋረጡ ካልወረደ፣ ሐሳቡ አልሠራም ሳይሆን አልተሞከረም። ሲነጻጸር ደግሞ የተመደቡት ሁሉ ይቆጠሩ። ከማጠናከሪያው በራሳቸው ጊዜ የቀሩትን አውጥታችሁ እስከ መጨረሻው የዘለቁትን ብቻ ብትቆጥሩ፣ የምትለኩት የፕሮግራሙን ውጤት ሳይሆን የታታሪዎቹን ትጋት ነው።

ርዕሰ መምህሩ በመጠነ ማቋረጥ ብቻ የሚመዘን ከሆነ ቁጥሩ መውረዱ አይቀርም። ያቋረጠው «ተዛወረ» ወደሚለው ዓምድ ይገባል፤ ወይም ሁሉም ያልፋል፤ ወይም መውደቁ የሚታወቅ ልጅ ከምዝገባ በፊት በዘዴ ይሸኛል። ስለዚህ መጠነ ማቋረጥ ብቻውን አይቅረብ። አጠገቡ ያልተረጋገጠ ዝውውር፣ መጠነ መድገምና የምዝገባ ቁጥር ይቀመጡ። ማቋረጥ በ3 ነጥብ ወርዶ ያልተረጋገጠ ዝውውር በ3 ነጥብ ከጨመረ የተለወጠው የዓምዱ ስም ነው።

ወጪውም በአንድ ተማሪ ሳይሆን በአንድ ባላቋረጠ ተማሪ ይሰላ። ለ100 ተለይተው ለታወቁ ተማሪዎች በነፍስ ወከፍ አንድ እጅ ወጪ ተደረገ እንበል፤ 36 የሚያቋርጡ የነበሩት ወደ 27 ቢወርዱ የተረፉት 9 ናቸው፣ ለአንዱ 11 እጅ ወጥቷል። ያንኑ ለ400ውም ብታድሉና ቀድሞ ካመለጧችሁ 12 ውስጥ ሦስት ብታተርፉ፣ 12 ልጅ በ400 ነው፤ ለአንዱ 33 እጅ። ለሁሉም ማደል የሚያስፈልግበት ሌላ በቂ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ያ ምክንያት ግን በስሙ ይጠራ።

ጊዜውን በተመለከተ፦ በሁለተኛው ወር አፈጻጸም፣ በሴሚስተሩ መጨረሻ መገኘትና ውድቀት፣ በቀጣዩ ዓመት ምዝገባ ላይ መመለስ፣ በሦስተኛው ዓመት እርከኑን ማጠናቀቅ ይለካ። የ12 ወር ፕሮጀክት ሦስተኛውንም አያይም።

ከሚቀጥለው ምዝገባ በፊት ያለ ምንም ተጨማሪ በጀት ልትጀምሩት የምትችሉት ሥራ አለ። ያለፉት ሦስት ዓመታት የስም መጥሪያ ደብተሮች ከመጋዘን ይውጡ፤ አይጥ ያልበላቸው ይለዩ። ከእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ይመረጥ። አንድ የመረጃ ሠራተኛና አንድ ነባር መምህር ለአራት ቀን አብረው ተቀምጠው፣ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ቀጠለ፣ ደገመ፣ በማረጋገጫ ተዛወረ፣ ያልተረጋገጠ፣ አቋረጠ ብለው ይጻፉ። ነባሩ መምህር የሚያስፈልገው «ያልተረጋገጠ» የሚለው ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ልጁ የት እንደገባ ያውቃል፣ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት መረጃና የፕሮግራም ግምገማ ባለሙያዎች